ደፈረሰ

አባቴ አስላክ መረቡን ሲያወጣ፣
ዓሣው በየዓመቱ እየገዘፈ መጣ።
«አምና መዳፌን ነው፣ ዘንድሮ ክርኔን አለፈ!»
እያለ ከወደብ ወደብ ጉራው ተትረፈረፈ።
ጎረቤት ቀናብን፣ ቤታችን ጠገበ፤
ትንንሹስ የት ሄደ ብሎ ማን አሰበ?

ከዚያ በአንድ ግንቦት መረብ ባዶ ወጣ።
በማግሥቱም ባዶ።
ሐይቁ ግን ያምራል፤ ድንጋዩ እንኳ ነጣ።
የእናቴ ጭልፋ፣ ድሮ ከእጇ አምልጣ፣
ከሦስት ቁመት በታች ታየች ተጋልጣ።

ከኦስሎ የመጡ እንግዶች ፎቶ አነሱ፤
«ገነት ነው!» እያሉ በእፍኛቸው ቀመሱ።
አባቴ መቅዘፊያውን ከጉልበቱ አጋድሞ፣
ብዙ ቆየ ዝም ብሎ፤ ተናገረ ደግሞ፦
«መስታወት ሆኗል። መስታወት አይወልድም።»
ከዚያ ወዲያ ቃል የለም፤ ራቱንም አልበላም።

መምህርቴ ጉንቮር በብስክሌት ደረሰች፣
ሰማያዊ ወረቀት ከኪሷ መዘዘች።
ነከረችው፤ ቀላ፣
እንደ ተያዘ ሌባ ጉንጭ ቀስ እያለ ቀላ።
«አሲድ ነው።»
«ጠጣሁት እኮ እኔ፤ መች ኮመጠጠኝ?» አላት።
«ምላስህ ምን ያውቃል? ዕንቁላል ውስጥ የቀረችውን ጠይቃት።»
«ስንት ነው?» «አምስት ነው፤ ሰባት ነበር ደጉ።»
«ሁለት ብቻ? ለሁለት ቁጥር ነው ይህ ሁሉ ወጉ?»
«አስላክ፣ ይህ መሰላል በአሥር ነው የሚወርደው፤
አንድ እርከን አሥር እጥፍ፣ ሁለቱ መቶ ነው።»

ከባሕሩ ማዶ ከሰል ሲነድ ያድራል፤
ድኙ ከጢስ ማውጫ ከደመና ይዳራል፤
ዝናብ ተብሎ መጥቶ ጣሪያችን ላይ ይዘምራል።
የሴተስዳል ድንጋይ ልበ ደረቅ ነው፤ ምንም አይቀበልም፤
የመለሰውን ሐይቁ ይጠጣዋል፤ ሐይቅ እምቢ አይልም።
ከአፈሩም አሉሚኒየም ቀስቅሶ ያወርዳል፣
የዓሣውን ስንጥብ እንደ ሙጫ ይዘጋል።

«አሲድ ማለት ሰጪ» አለች፣ «ሳይለምኑት ቸሩ፣
ሃይድሮጅኑን የሚያድል በየሰው በሩ።
ቤዝ ደግሞ ተቀባይ፤ እጁ አይታጠፍም።»
«ሰጪ ያቃጥላል? ይህን አላውቅም።»
«የአክስትህን የራግንሂልድን ስጦታ ረሳኸው?»
ሳቀ። በዚያ ዓመት የመጀመሪያው ነው።

ኖራ በከረጢት፣ ኖራ በአካፋ፤
ነጩ ዱቄት በጢሙ፣ በቅንድቡ ሰፋ።
ከዳር የቆሙትም፦ «አስላክ አመድ አፋሽ!
ለሐይቅ ቃር ሐኪሙ፣ ለውሃ እንባ አባሽ!»
አልመለሰላቸውም። ጆሮውን ለውሃው ሰጠ፤
ስስ አረፋ ከሥሩ ሽቅብ እየሮጠ።
አንዱ ሰጠ፣ አንዱ ተቀበለ፤
ከጠባቸው ጠብ ያለው
ውሃ ነው፣ ጨው ነው፣
ትንፋሽ ነው።

ዘንድሮ ምንም፤ ለከርሞም ምንም።
ኖራው ያልቃል፤ ዝናቡ አያልቅም።
ከረጢት እንደገና፣ አካፋ እንደገና፤
የእጁ ቆዳ ተሰነጠቀ፣ ቤዝም ይበላልና።

በአራተኛው ግንቦት፣ ከረጢት ሳወርድ እኔ፣
ከጀልባው ላይ ጮኸ፤ ያበደ መሰለ ለዓይኔ፦
«ደፈረሰ!»
ሮጥኩ። ጎንበስ አልኩ።
ጭልፋዋን ፈለግኳት፤
አረንጓዴ ነገር እንደ ሻሽ ጋርዷት።
«ሳይደፈርስ አይጠራም» ይላል ሰው ሲያጽናና፤
የእኛስ ሳይደፈርስ ጠርቶ ነበርና።

አባቴ ተንበርክኮ፣ እጁን ውሃ ነክሮ፣
አንዲት የትራውት ልጅ በመዳፉ አኑሮ፣
እንደ መርፌ ቀጭን፣ ዓይኗ ብቻ ትልቅ፣
ትንፋሹን ያዘባት እንዳትሳቀቅ።
መልሶ ለቀቃት።
ከወደብ ወደብ ዛሬም ጉራውን ይነዛል፦
«የዘንድሮዋ ጥፍሬን አታህልም!» ይላል።