የቆሎ እንቅልፍ

በኤድመንተን በረዶ ስጠርግ አድሬ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስመጣ፣
ቁልፌ በሩን ገና ሲነካ፣ እሱ ከሣጥኑ ሲወጣ፣
ወለሉን በኋላ እግሩ፣ ዱብ! ያደርገው ነበር፣
«ማነህ? ቁም!» እንደሚል ዘበኛ፣ ዱላውን ታቅፎ እንደሚያድር።

አሥር ዓመት እንዲህ ኖርን። የሶፋ እግር ሲቀረጥፍ፣ የስልኬን ገመድ ሲበላ፣
ረድኤት ናት «ቆሎ» ያለችው፣ ሲቆረጥም ሰምታ ከበር ኋላ፤
ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። አሁን ሃሊፋክስ ሄዳለች፣
ስለ ባሕር ሣር ትማራለች፤ ድርቆሹን ለኔ ትታለች።

እንቅልፉማ እንቅልፍ አልነበረም፤ ዓይኑን ገልጦ ነበር የሚያሸልብ፣
አንድ ጆሮው ሽቅብ ተተክሎ፣ ነፋስና ኮቴ ሲያነብ፤
ሊበላው የሚችል ሁሉ፣ በየት በኩል እንደሚመጣ
አያቶቹ የነገሩትን፣ ከደሙ አላወጣ።

ዘንድሮ ነው የተለወጠው። ቀስ እያለ፣ ሳንነጋገር።
ሣጥኑ አፍ ላይ ቆም ይላል፣ ለመዝለል ከራሱ ሲመክር፣
እግሩን አንሥቶ ይመልሳል። ግድግዳውን በመጋዝ ቆረጥሁለት፣
የሽማግሌ መግቢያ ብዬ፣ ዝቅ ያለ በር አበጀሁለት።
ጀርባውን አያበጥርም፤ ጀርባው ሩቅ ሆኖበታል፤
ቅዳሜ በረድኤት ብሩሽ፣ እጄ ይደርስለታል።
አንዳንዴ የመጣበትን ረስቶ፣ ጥግ ጥጉን አይቶ ይቀራል፤
«አንተም ሰው መሆን ጀመርህ» እለዋለሁ። ማን ይሰማል?

ዶክተር ሃሪሹክ ጆሮውን አይታ፣ «አይሰማም» አለች፤
ጉልበቱን ጫን ጫን አድርጋ፣ «ይሄም አርጅቷል» አከለች፤
ማር ማር የሚል መድኃኒት፣ ጠዋት ማታ ጠብታ ሰጠች።
የኔንስ ጉልበት አታይም ወይ፣ ብላት ሳቀች።

ሲተኛ ግን፣ አቤት እንቅልፍ! ጎኑን ለወለሉ ሰጥቶ፣
አራት እግሩን ዘርግቶ፣ ፍርሃቱን የትም ትቶ፣
ዓይኑን ጭምር ከድኖ። ከመስኮቱ ውጭ የዱሩ፣
ክረምት ነጭ ያለበሰው፣ ከቁጥቋጦው ሥር ነው ማደሩ፤
ቆሎ ድሮ «ግቢዬን!» ብሎ ይቆጣው ነበር። ዛሬ ከመስታወት ወዲያና ወዲህ፣
አንዱ ዘብ ይቆማል፣ አንዱ ይተኛል እንዲህ።

እኔን ግን ሃምሳ ስድስት ዓመት፣ ከእንቅልፍ አጣልቶኛል፤
የእሱ እየወፈረ ሲሄድ፣ የኔ ቀጥኖብኛል።
ቀን መጋረጃ ዘግቼ፣ ማሞቂያው ሲንኳኳ እቆጥራለሁ፤
ከእሱ የጠፋው ጆሮ፣ ወደ እኔ ዞረ እላለሁ።

ጥር ውስጥ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አምስት የሆነ ለት፣
ገባሁ። ዱብ የለም። ጠራሁት። ምንም። ተንበረከክሁለት።
ጎኑ ይነሣ አይነሣ አላይ፣ መነጽሬ በጉም ታፍኖ፣
እጄም ከውርጩ የተነሣ፣ ደርቆ እንጨት ሆኖ።
ልነካው ፈራሁ። መንካት ማወቅ ነውና።
ተነሣሁ። ምን እንደገፋኝ እንጃ፣ ጫማዬን አላወለቅሁምና፣
ወለሉን በተረከዜ መታሁት።
ዱብ።
ጆሮው ያልሰማውን፣ በእንጨቱ በኩል ሰማ ጎኑ፤
አንድ ጢሙ ተነቃነቀ፤ ቀስ ብሎ ተገለጠ ዓይኑ።
«ማነህ?» አላለኝም። አዛጋ፣ ተንጠራራ፣ ወደ ድርቆሹ ሄደ፤
የቦቴ በረዶ ቀልጦ፣ ወለሉ ላይ ወረደ።

ምድር ቤት የምትከራየው ማሪቴስ፣ ነርስነት የምታጠናው፣
ከሥር በመጥረጊያ እንጨት፣ ጣሪያዋን ደጋግማ ስትመታው፣
ጧት ወርጄ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ነገሩን ነገርኋት።
አልሳቀችም። «ነቃ?» አለች። «ነቃ» አልኋት።

አሁን ልማድ ሆኗል። ስገባ አንዴ እመታለሁ፤ እጠብቃለሁ፤
ጢሙ ሲነቃነቅ ሳይ፣ ዳግመኛ እመታለሁ፤
ከምድር ቤት መጥረጊያው ይመልሳል፣ አንዴ፣ ቀስ ብሎ።
ይሄን ሁሉ ያልሰማ፣ ተመልሶ የተኛ፣ ቆሎ።