ሩብ ዙር

ጣና ጭጋግ ለብሶ፣ ገና ሳይነጋ፣
ሽባባው ካርቶኑን መሬት ላይ አንጥፎ
ከሰሊጡ ጭነት፣ ከተሳቢው ጎማ በጀርባው ተጠጋ።
እግሩ ብቻ ቀረ።

«እርገጥ!» ረገጥኩለት። «ልቀቅ!» ለቀቅኩለት።
ንፋሱ ፊሽ አለ።
«ላልቷል። ቁልቁለት ላይ
አንተ ስትይዝ እሱ ይገፋሃል፤
የዓባይ በረሃ መች ይምርሃል?»
አጠበቀ፣ ሩብ ዙር።
«አሁን ደግሞ በዛ፤ እንዲህ ከነከሰው
ደጀን ሳትደርስ ነው ጭሱን የምትቀምሰው።»
ግማሹን መለሰ።

በባዶው አስፋልት ላይ ቀስ ብዬ ነዳሁት፣
የተሳቢውን ፍሬን ለብቻው ያዝኩት፤
እንደ ሕፃን ልጅ የኮቴን ጫፍ ይዞ
ሳብ አረገኝ ከኋላ።

ዞሬ ስመጣለት፣
እጁን በናፍጣ ጨርቅ እያበሰ
ከሰጠሁት ሒሳብ ግማሹን መለሰ፦
«ይሄን ስትመለስ።»