የሉሴርና መንጋጋ

ኤል ካርመን መንደር ላይ፣ ምድር በራደች ማታ፣
የጭቃው ጡብ ግንብ ሲናድ በአንድ አፍታ፣
ሉሴርና ሞተች ከሥሩ ተኝታ።
"ሰው ተርፏል" አለና ጎረቤት ተጽናና፤
ለአህያ ለቅሶ ማን ይቀመጣልና?

ካሲልዶ ብቻውን ፋኖሱን ለኮሰ፣
ጡቡን አንድ በአንድ አንስቶ ግንባሯን ዳበሰ።
ሃያ ሁለት ዓመት ጥጥ የተሸከመች፣
ጅራፍ ሲያርፍባት እንኳ ጮሃ የማታውቅ ነበረች፤
ድምፅ ሳይወጣት ኖራ፣ ድምፅ ሳይወጣት ሞተች።

ገላዋን ቀበረው ከጥጡ ማሳ ዳር፤
ጭንቅላቷን ግን ወሰደው ወደ ጉንዳን ሰፈር።
ጉንዳን ሥጋ ያውቃል፤ አጥንት አይቧጭርም፤
ቢላዋ የሚተወውን ጉንዳን አይተውም።
ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚያው ደጃፍ ከርሞ፣
ውሻውን አባርሮ፣ ዝንቡን ተቃውሞ፣
ነጭ መንጋጋ አወጣ፣ ጥርሱ በሥሩ ቆሞ።

አጠበው፤ ቀቀለው፤ ከጣሪያ ላይ አሰጣው፤
በየጥርሱ ሥር የወይን አረቄ አጠጣው፤
"በሕይወቷ አልቀመሰችም" አለና የቀረውን እሱ ጠጣው።
ጥርሱ ላላ።
በቡጢ ሲመታው አጥንቱ ተንቀጠቀጠ፤
ትርርርር አለና፣ የመንደሩ ውሻ ሁሉ አንድ ላይ ደነገጠ።

ሶምሶን በዚህ አጥንት ሺህ ሰው ጣለ ይላል መጽሐፉ፤
ካሲልዶ ግን በገና ሌሊት መንደሩን ያስነሳበታል ከየደጃፉ።

ሲጠጣ ያወጋል፦
"የቅድመ አያቴ እናት፣ ፎርቱናታ የሚሏት፣
በመርከብ ሆድ መጥታ ባለ ርስት የገዛት፣
'ከበሮ አትንኪ' አሏት።
እጅ ግን እጅ ነው፤ ያገኘውን ይመታል፤
የዓሣ ሣጥን ካገኘ የዓሣ ሣጥን ይመታል፤
እሱንም ሲነጥቁት የገዛ ጉልበቱን ይመታል።
ቄሱ 'ምንድን ነው?' ቢላት፣ 'ሣጥን ነው አባቴ፣
ቀን መቀመጫዬ፣ ሲመሽ ገበታ ለራቴ።'
ተቀመጠችበት። እሱ ዞር ሲል፣
ጣውላው ከሥሯ ይናገር ጀመር።

ጊታሩ የጌቶች ነው፤ ባሕር አቋርጦ መጣ፤
እዚህ ፀሐይ መታው፤ እዚህ የኛን ላብ ጠጣ፤
በዚህ አገር ፍየል አንጀት ገመዱ ሲተካ ሌላ ድምፅ አወጣ።
አሁን ማን የማን እንደሆነ፣ እሱም ራሱ አያውቅም።"

ከሊማ አንድ ምሁር መጣ፣ መቅረጫ አንጠልጥሎ፣
ጥያቄውን በቁጥር በደብተሩ ከፋፍሎ፦
"የዚህ ዜማ ሥሩ የት ነው? አፍሪካ ነው? ስፔን?
ወይስ ከተራራው፣ ከኬቹዋዎቹ ወገን?"

ካሲልዶ ዝም አለ። የጎደለ ጥርሱን በምላሱ ነካ፤
የሷን በጣቱ ቆጠረ፤ አንድም አልጎደለ ለካ።
"የጠራሃቸው ሁሉ ሳይኖሩበት አይቀርም" አለ፤ "እኔ የማውቀው ግን፣
አህያዋ የኔ ነበረች።"

ምሁሩ ይህን የሚጽፍበት ቁጥር አጣ።

መቅረጫው ይዞራል። ጥጥ የጫነ መኪና በመንገዱ ያልፋል፤
የልጅ ልጁ ዜኖቢያ፣ ገና መሄድ ያልቻለች፣
የቲማቲም ሣጥን አግኝታ ትደበድባለች፤
ማንም አላስተማራት፤ ማንም አልከለከላት።
ካሲልዶ ሰማት።
ምቷን ጠበቀ፤ ቡጢውን ቀስ ብሎ አነሳ፤
ያቺ ጮሃ የማታውቅ እንስሳ

ትርርርርር

የጥጡ ከረጢት፣ ጅራፉ፣ አቧራው፣ የመስኖው ቦይ ዳር፣
ሃያ ሁለት ዓመት የዋጠችው ሁሉ ከጥርሷ ሲበር፣
የሕፃኗ መዳፍ ባለበት ቀረ፤
አፏን ከፍታ ሳቀች።

ምሁሩ እርሳሱን አስቀመጠ። "እንደገና" አለ።
ካሲልዶ መንጋጋዋን በጥጥ ጨርቅ እየጠቀለለ፣
"ደክሟታል፤ ነገ ና" አለ።