ቺንጋው መውረድ ሲማር

ጥቅምት ሊወጣ ሲል፣ ግራና፣ ከወንዙ ማዶ፣
ሙሄ በያጁ መጣ፣ ስም የለሽ ብረቱን በሁለት በሬ አስገድዶ፤
ርዝመቱ የቤት ምሰሶ፣ ሆዱ የጎማ ምንጣፍ፣
ከታች የብስክሌት ኩሽኔታ፣ ከላይ የቆርቆሮ ክንፍ።
ቺንጋው ከኮምቦልቻ ነው፣ ከፋብሪካ አጥር ሥር የተጣለ፣
ስንት ዘመን ጣቃ ተሸክሞ ጡረታውን ያልበላ፣ ያልታደለ፤
ሞተሩ የአያ ይማም፣ የመስኖው ውሃ መሳቢያ፣
ክረምት ሥራ ሲፈታ የዶሮ ማደሪያ።

"ይኸ ምንድነው ሙሄ?" አልነው።
"እጅ ነው" አለ። "ረጅም እጅ።"
ዘሀራ ሳቀች፤ "ጣቱስ?"

እኛ ለቃሚዎቹ አሥራ አንድ ነን፤
ዘሀራን ሁለት ብለን ከቆጠርናት፣ አሥራ ሁለት።
ሥራችን ይኸው ነው፦ መሰላል፣ ቅርንጫፍ፣ ጠምዘዝ፣ ከረጢት፣
ከዛፍ እስከ መንገድ ሦስት መቶ እርምጃ፣ ሽቅብ፣ በሸክም ብዛት።
ሙሄ ያሰበው፦ ጎማው ከመሰላሉ ሥር ይዘረጋል፣
እኛ ከላይ እናቀብላለን፣ እሱ ተቀብሎ ይሄዳል፣
ከጫፉ ሳጥን ይጠብቃል።
አያ ይማም ሰማ። የቀን አበላችን
ፊቱ ላይ ተደመረ፤ ፊቱ ላይ ተቀነሰ፤
ሁላችንም አየነው፤ ማንም አልተነፈሰ።

ሞተሩ አሳለ። ጢሱ በዛፎቹ መሀል ወጣ።
ካቴናው ተንጣጣ፤ ቺንጋው ተንፏቀቀ፤ ቆመ፤ ደግሞ መጣ።
የመጀመሪያው ብርቱካን ጎማው ላይ ዘሎ ተቀመጠ፣
አይሱዙ እንደተሳፈረ ሰው ግራ ቀኙን እያየ ተናጠ፤
ሁለተኛው ተከተለ። ሃያኛው። እኛ ከላይ አየን፣
ሸክማችን ያለ እኛ ሲሄድ፤ ወገባችን ግራ ገባው፣ ቀለለን።
እንዴት ያስደስታል። እንዴት ያስፈራል።
ሰው ያለ ጭነት ሲቆም እጁን የት ያደርጋል?

ከጫፉ ግን፣ ጎማው አልቆ ሳጥኑ እስኪጀምር፣ ክንድ ተኩል አየር ነበር፤
ማንም አልለካውም። ብረት ሲለካ ማን አየር ይሰፍር?
ዱብ።
ዱብ። ዱብ።

በማግስቱ የደሴው ነጋዴ አንዱን አነሳ፣
በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው፤ ጣቱ ገባ።
"በልዟል" አለ። ሌላውንም። "በልዟል።"
አርባ ሳጥን መንገድ ዳር ቀረ፤ ንቦች ብቻ ገዙት።

አያ ይማም "ብረትህን ንቀል" አለ።
ሙሄ መፍቻውን አነሳ፤ አንዷን ዳዶ ፈታ፤
ሁለተኛዋ ዝጋ እምቢ አለችው።
እሷ ባትዝግ ኖሮ ይኸ ነገር እዚህ ላይ ያልቅ ነበር።

እኛ ዙሪያውን ቆመናል። ልደብቅ? ደስ ብሎን ቆመናል፤
የእንጀራ ባላንጣ ሲሰበር ማን ያዝናል?
ዘሀራ ግን አጎነበሰች፤ ያንን አየር በክንዷ ለካች።

"ሙሄ" አለች፣ "እጅ ብለህ ነው የሠራኸው፤
ለእጅ ማንሳቱ ቀላል ነው፣ ማስቀመጡ ነው የሚከብደው።
እኔ ስለቅም፣ እስከ ከረጢቱ ሆድ እጄ አብሮ ይወርዳል፤
ያንተው ጫፍ ሲደርስ ይለቃል። ሕፃን ያዘለ ሰው እንዲህ ያደርጋል?"

ዝም አለ። ከዚያ ሮጠ።

ከመርሳ ገበያ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ያለቀ ሰንደል አመጣ፤
ሶሉን እየቀደደ ጎማው ላይ እርከን እርከን ሰፋ፤
የጎማውን ጫፍ ቁልቁል አጎነበሰው፣ እስከ ሳጥኑ ወለል ድረስ፤
ሳጥኑን የሶፋ ሞላ ላይ አቆመው፣ በሞላ ቁጥር ዝቅ እንዲል፣ ቀስ በቀስ።
ፍጥነቱን የለካው በሰዓት አይደለም፤
ዘሀራ ከጎማው ጎን እጇን እኩል እያስኬደች
"ፈጠነ" አለች። "አሁንም ፈጠነ።" "እንዲያ።"

ዘንድሮ ስድስት ነን። የቀሩት አንዳንዱ ኮምቦልቻ፣
አንዳንዱ የት እንደገባ አላውቅም፤ አልጠየቅኩም፤ ማፈሬ ነው።
ዘሀራ ከቺንጋው ጫፍ ቆማ የፍጥነቱን ዘንግ ትይዛለች፤
አያ ይማም የሁለት ሰው ይከፍላታል።
ድሮም ሁለት ነበረች።

ማታ ናፍጣ ሲያልቅ ቺንጋው መሀል መንገድ ላይ ይቆማል፤
አንድ ብርቱካን፣ ከዛፍ ወጥቶ ሳጥን ያልገባ፣
የማን እንደነበር በማይታወቅ ሶል ላይ ተደግፎ ያድራል።
ማናችንም አናነሳውም።
ጠዋት ይደርሳል።