ማን ልበል?

ላይፕሲክ ነው ከተማው፣ ከሌሊቱ ስምንት፤
የትራሙን ሽቦ ዝናብ ሲያርስበት፣
እኔ ምድር ቤት ነኝ ከማሽኖቹ ጋራ፣
የዓይን ክሊኒክ ደጁን ልጠብቅ በተራ።
ደጅ ስል እንጨት አይደል፣ መቀርቀሪያም የለው፤
ቀጠሮ መያዣ አንድ ገጽ ብቻ ነው።

በጥቅምት መጨረሻ እንግዳ በዛብን፤
በሰከንድ አርባ ሺህ እያንኳኳ በሩን።
ቦት ይሏቸዋል፣ እግር ግን የላቸው፤
ስም በስም ናቸው፣ የውሰት ስማቸው።
ዓይን ሳይኖራቸው የዓይን ቀጠሮ ይዘው፣
እስከ ፋሲካ ድረስ ወረፋውን ዘግተው፣
መልሰው ቸረቸሩት በነጋታው ጧት፣
አንዱን በሃምሳ ዩሮ፣ የማየትን መብት።

ዲርክና እኔ ሆነን ዘበኛ ቀጠርን፣
ደመወዝ የማይበላ፣ እንቅልፍ የማያውቅን።
የመጣውን ሁሉ «ማን ልበል?» ይለዋል፤
መልሱን ግን ከሰው አፍ መቼ ይጠብቃል!
ማሰሻውን ይዞ ያገላብጠዋል፤
ዕድሜህ ስንት? ይላል፣ ከየት ነህ? ይለዋል፣
ትንሽ ሒሳብ ሰጥቶ ላቡን ያየዋል።
አምስት ሰከንድ ናት፤ ሰው አያስተውላት።
ለሌባው ግን፣ አርባ ሺህ ጊዜ ሲያበዛት፣
መብራት ትፈጃለች፣ ትርፉን ትበላለች፤
አጥር እንዲያ ናት፤ አትገድልም፣ ታሰለቻለች።

ሳምንት ሰላም ሆነ። ዲርክ ቢራ ጋበዘኝ።
ሐሙስ በማለዳ ልወጣ ስል፣ ስልኩ ጠራኝ።
«ማን ልበል?» አልኩኝ በጀርመን ቋንቋቸው።
ፍራው ኢርምጋርት ናቸው፣
ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው፣
ግራ ዓይናቸው ላይ ጉም የዋለባቸው።

«ልጄ፣» አሉ፣ «ያ በር ሰው ነሽ ወይ? ይለኛል፤
አዎ አልኩት ሦስቴ፤ ሦስቴ መልሶኛል።
ሥዕል አወጣና ብስክሌት ምረጪ አለኝ፤
ብስክሌቱን ባይ ኖሮ ሐኪም ምን ሊረባኝ?»

ሳቅሁ። ሳቁ ግን ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።
ያ ኮምፒውተራቸው፣ ባላቸው የገዙት፣
ከሞቱም በኋላ ሳያድሱ የተዉት፣
የሟች ካፖርት ለብሶ ደጅ እንደ ቆመ ሰው
ለዘበኛዬ ታይቶት፣ በዕድሜው ጠረጠረው።
ጭምብሉን በሙሉ ነጥሎ የሚያውቀው፣
ፊት ብቻ የያዘ ሰው ሲመጣ ጨነቀው።

ዲርክ ይላል፣ «መቶ ሺህ ገብቶ አንድ ሰው ቢቀር
ስኬት ነው፣ ወንድሜ።» ልክ ነው፣ በቁጥር።
እኔ ግን ያንን አንድ ሰምቼዋለሁ ሲያስለው፣
«ይቅርታ» ሲል ቆይቶ፣ አፍንጫውን ሲጠርገው።

ስማቸውን ጻፍኩት በእጄ፣ በእስክሪብቶ፤
ሰኞ አራት ሰዓት ላይ፣ ከሌላ ተርታ አውጥቶ፣
በጓሮ በር ማለት ነው፣ ያውም በዚያው በር
እንድዘጋው ተብዬ ስከፈል በነበር።

ዘበኛውን አላነሣሁም። ዛሬም ይጠይቃል።
ከሥሩ ግን አንድ መስመር ጨምሬበታል፤
ካልተግባባችሁ ደውሉ፣ ይላል፣ ከቁጥር ጋራ።
ስልኩም ምድር ቤት ነው፣ እዚሁ፣ ከኔው ተራ።

ሲጮኽ አነሣዋለሁ፣
«ማን ልበል?» እላለሁ፣
ዝም ብዬም እቆያለሁ።