ጥላው ቀድሞ ይገባል

ከኢፖህ ስነሣ ደብተሬን ታቅፌ፣
የፓንቱንን ሕግጋት በሠንጠረዥ ጽፌ፦
አራት ስንኝ አሉት፣ ከስምንቱ ቀለም
እስከ ዐሥራ ሁለት፤ ከዚያ ማለፍ የለም።
አንደኛው በሦስተኛው ቤት ይመታል ገጥሞ፣
ሁለተኛው በአራት፤ ጥላ ይመጣል ቀድሞ፣
ፍቺው ይከተላል፤ ይህን አስምሬበት፣
ጥላውን በሰማያዊ፣ ፍቺውን በቀይ ለይቼበት፣
ከቶክ ደራኒ ዘንድ ደረስኩ አንድ እሑድ ዕለት።

ወንዙ ዳር ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ።
"ጥላውና ፍቺው በምን ይዛመዳሉ?"
ብዬ ብጠይቃቸው፣ ዐይናቸው ከቀዳዳው ሳይነቀል ገና፣
"አንድ ሰው ወደ ቤትሽ፣ ጀምበር ከጀርባው ሆና፣
ሲመጣ አይተሽ ታውቂያለሽ?
እግሩ መሰላሉን ሳይረግጥ ጥላው ይገባና
ምንጣፍሽ ላይ ይተኛል። እንግዳ ነው። ማነው?
አታውቂም። ግን ተነሥተሽ ድስት ትጥጃለሽ። ያ ነው።"

እኔም ጻፍኩ፦ "ጥላ ማለት፣ ድስት የሚያስጥድ ስንኝ።"
ፕሮፌሰሬ ኋላ ቀይ አሰመሩብኝ።

የቀረውን ነገር ጎረቤት ነገረኝ።
አርባ ዓመት በየሠርጉ ተጋጥመዋል አለኝ፤
እሳቸው ለወንዱ ወገን፣ ሚስታቸው ሰፒያ ለሴቷ፣
እሳቸው ከደጅ ቆመው፣ እሷ ከመጋረጃው ማዶ፣
ግጥም ለግጥም ሲማገድ፣ ስንኝ በስንኝ ነዶ።
ሲመሽ ግን ባንድ ታንኳ ወደ ቤት ሲቀዝፉ፣
"ያቺንስ ከየት አመጣሻት?" እያሉ በኛ ደጅ ሲያልፉ።
ባለፈው ዝናም ግን፣ ወንዙ በሞላበት ሌሊት፣
ሰፒያ ተኝታ ቀረች። ባሏ ጎኗ ነበሩ።
አልሰሙም።

በሜሉር ሠርግ ዕለት፣ የሲሪህ ቅጠሉ
በናስ ሣህን ቀርቦ፣ ሰው ሞልቶ በዳሱ ሁሉ፣
ቶክ ደራኒ ቆሙ፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣
ጥቁር ሶንግኮካቸውን በሁለት እጅ አስተካክለው፦

"ዱሪያን ወደቀ ከዛፉ በሌሊት፣
ወንዙ ይዞት ሄደ ባለቤት ሳይነቃ፤"

ዝም አሉ።
ጓዳ ውስጥ የድስቱ ማማሰያ ቆመ።
የሙሽራው አጎት ሰዓቱን አየና፣ አየና ደገመ።
እኔ እንደ ልማዴ ቀለም እቆጥራለሁ፤
ስድስት በስድስት ነው፤ ቤት መምቻ እፈልጋለሁ፦
በ"ቃ" የሚያልቅ ምን አለ? ጨረቃ... ጠበቃ...
ሲቃ።
ያኔ ቀና ብዬ አየሁ።
ሽማግሌው የሚያዩት መጋረጃውን ነው።

ከመጋረጃው ሥር አንዲት ጭንቅላት ብቅ አለች፤
ዳሊማ ነች፣ የሙሽራዋ ታናሽ፣ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላች፦

"እህቴን ውሰዷት ካላችሁ ትዕግሥት፣
ሩዝ ታሳርራለች፤ አደራ፣ እንዳትሉ በቃ!"

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ሙሽራዋ ፊቷን ሸፈነች።
ቶክ ደራኒም ሳቁ፣ ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ፤
መረብ ባሻከረው እጃቸው ጉንጫቸውን እየጠረጉ
ሳቁ።

ማታ ደብተሬን ዘርግቼ፦ "አራተኛው ስንኝ
ሦስት ቀለም ተርፎታል፤ እንዲህ ሲሆን አየሁኝ፤
'አደራ' ብትወጣ ምጣኔው ይሰምራል" አልኩ።
"ሌላውን ሁሉ አውጪ" አሉኝ። "እሷን ተያት።
ሰፒያም እንዲህ ነበረች፤ ሁልጊዜ አንድ ቃል የሚተርፋት።"

ዛሬ አስተማሪ ነኝ። በፈተናው ወረቀት
አወጣሁት ያንን ፓንቱን፦ "ጥላውን ከፍቺው ለዩት።
አምስት ነጥብ።" ልጆቹ ከላይ ሁለቱን አስምረው፣
"ይህ ጥላ ነው፣ ትርጉም የለው" ብለው ጽፈው፣
አመጡልኝ። በደንቡ ትክክል ናቸው።
ሙሉ አምስት ሰጠኋቸው።
ወንዙ ይዞት ሄደ... ይህ የቱ ጋ ይመደብ?
አልጠየቅኳቸው።