ያልተቀባች ስፍራ

ነፋስ የሚያበዛው የአዳማ ረፋድ
አቧራውን አንስቶ ሲያዞር በየመንገድ፣
ከመብራት ኃይል ማዶ፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣
አንድ ቅጥቅጥ መጣ በገመድ ተጎትቶ፣ ከአይሱዙ ኋላ።

«ባለሙያው የታል?» አለ ሽማግሌው።
እጄን በጨርቅ ጠርጌ፣ «ባለሙያው እኔው።»
ከእግር እስከ ራስ አየኝ፣ መፍቻዬንም አየ፤
«እንግዲህ...» ብሎ ዝም። ቁልፉን ግን አቆየ።

ኦቦ ጉተማ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት
ሰው ሲያደርስ የኖረ በሌሊት፣ በንጋት።
ጡረታ ሲወጣ ወንበሮቹን ነቅሎ
አልጋ ዘረጋበት፣ ምድጃ ተክሎ፣
ፍሪጅ፣ የውሃ ጋን፣ መጋረጃ ሰቅሎ፣
«እስከ ዛሬ ሌላ ሰው፤ አሁን ራሴን ላድርስ» ብሎ።

ሦስት ጊዜ ወጡ እሱና ሚስቱ፣
ሦስት ጊዜ ቆሙ ሳይነጋ ሌሊቱ፦
አንዴ ደምበል ዳርቻ፣ አንዴ ዶዶላ በር፣
አንዴ እዚሁ ሞጆ፣ ከደጅ ሳይርቅ እግር።
ፍሪጁ ሲያቃስት፣ አምፖሉ ሲደክም፣
ቢጫ፣ ከዚያም ቀይ፣ ከዚያ ጨለማ፤ ዝም።

ባትሪ ለውጠዋል፣ ሁለቴ፣ በውድ።
ዲናሞ አስጠቅልለዋል አንድ «ሊቅ» ዘንድ።
ቺንጋው አዲስ፣ ቫልቮላው አዲስ፣ ሁሉ አዲስ፤
የቀረው አንድ ነገር፦ መብራቱ መድረስ።

ያስተማረኝ ሰውዬ አንድ ቃል ነበረው፦
«ዕቃ ሳትገዢ በፊት መንገዱን ጠይቂው።»

በሰው ባትሪ አስነሳን። ቴስተሬን ዘረጋሁ።
ፊት ባትሪው ላይ ሃያ ስምንት አገኘሁ፤
ዲናሞው አይዋሽም፣ አይሰስትም፣ ይሰጣል።
አልጋው ሥር ጎንበስ አልኩ፤ ከጫማና ከድስት መሃል
የቤቱ ባትሪዎች ጎን ለጎን ተኝተዋል፦
ሃያ ሦስት ተኩል።
ማዕዱ ቀርቦ ሳለ ጎራሹ ጦም ያድራል።

ሞርሴቶውን ፈታሁ፦ ንጹሕ ነው፣ አልሻገተም።
ቀዩን ካቮ ዳበስኩ፦ አልጋለም፣ አልላላም፣ አልተበጠሰም።
ሰው ሁሉ የሚጠረጥር ቀዩን ነው፣ ሂያጁን፤
ማን ዞር ብሎ ያያል ተመላሽ መንገዱን?

አንዱን እግር በኔጋቲቭ፣ አንዱን በሻሲው ብሎን አናት፦
ዜሮ መሆን ያለበት፣
ምንም መሆን ያለበት፣
ሦስት ቮልት ከነነጥቡ አፈጠጠብኝ ፊት ለፊት።

«ማሳውን ማን አሰረው?»
«እኔ ነኝ። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ነው።»
ከደረቀ በኋላ! እንደ ድመት ሾልኬ ሥሩ ገባሁ፤
ውሃ ሰማያዊ፣ ሦስት እጅ የተቀባ፤ መልኬን እንኳ አየሁ።
ብሎኑ ጠብቋል እስኪበቃው ድረስ፤
የጨበጠው ግን ቀለም ነው፣ ብረቱ ጋ ሳይደርስ።

አዴ ደጊቱ፣ ከበሩ ደረጃ ቲማቲም እየከተፈች፣
«ቀለሙን የመረጥኩት እኔ ነኝ» አለች፣
ማንም ሳይጠይቃት።
«ታዲያ ሻሲው ምን አደረገሽ?»
«ዝገት እንዳይበላው ብዬ።»
እሱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ እሷ ቢላዋዋን ጠረገች፤
ጠቧ ሳትጀመር አለቀች።

ብርጭቆ ወረቀት ይዤ ፋቅሁት፣ ፋቅሁት፤
ሰማያዊው በነነ፤ ከሥሩ ግራጫ፤ እሱንም አለፍኩት፤
የዓሣ ሆድ መሳይ ብረት ብልጭ አለ፣
ሳንቲም የሚያህል፣ ከሳንቲም ያልዘለለ።
ካቮውን መለስኩ፣ አጠበቅሁ፣ ቫዝሊን ቀባሁ፤
አልጋው ሥር ተመልሼ ቁጥሩን ጠበቅሁ፦
ሃያ አምስት... ሃያ ስድስት...
ሃያ ሰባት ከምናምን...
ፍሪጁ እንደ ነቃ ሰው ማጉረምረም ጀመረ፤
የራስጌዋ አምፖል ቢጫነቷ ቀረ።

«ስንት ነው?» ነገርኩት።
«ለመፋቅ?» አለና ሆዱን ይዞ ሳቀ፤
«በይ አጥፍተሽ አስነሺው» ብሎ ቁልፉን ለቀቀ።

አዴ ደጊቱ ትራፊ ቀለም ይዛ መጣች፣ ቡሩሿን ነክራ፦
«እዚች ጋ ትንሽ ነካ ባደርጋት?»
«አይሆንም እናቴ፤ እሷን እንዳትነኪያት፣ አደራ።»

በአሰላው መንገድ ወጡ፣ ጡሩምባ እየነፉ፣
የነፋሱ ማማዎች በኮረብታው ላይ ሲከንፉ።
ደግመው ይቆሙ ይሆናል፤ እኔ ምን አውቃለሁ።
እጄን በነጭ ጋዝ ታጥቤ ማታ ቤት ገባሁ፤
ጥፍሬ ሥር ሰማያዊ ቀለም አገኘሁ።